ለታናሽ እንስሳ የሚገባው ቤት፦ ስለ ሶርያ ሃምስተር ማደሪያ አመራረጥ

ጻድቁ ኖኅ ወደ መርከብ ከመግባቱ አስቀድሞ የተቀበለው ትእዛዝ የልክ ትእዛዝ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ተጽፎ እንደምናገኘው፥ የመርከቢቱ ርዝመት 300 ክንድ፥ ወርዷ 50 ክንድ፥ ቁመቷ 30 ክንድ እንዲሆን፥ በውስጧም ልዩ ልዩ ክፍሎች እንዲሠሩላት ታዘዘ፤ ለሚገቡትም ሁሉ የሚበሉት እንዲሰናዳ ተነገረው። እንስሳቱ የገቡት ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ አባቶቻችን ብዙ ምሥጢር አውጥተው አስተምረዋል፤ ለዛሬው ጽሑፋችን ግን አንድ ተራ ምክር ይበቃናል። ይኸውም፥ እንስሳን ወደ ቤቱ ሊያስገባ የሚወድ ሰው፥ እንስሳውን ከመግዛቱ በፊት የእንስሳውን ቤት ይለካ የሚል ነው።

ይህን ምክር እንድናነሣ ያደረገን በዚህ ዘመን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚሰማ የልጆች ልመና ነው። በአሜሪካ፥ በእንግሊዝ፥ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች የሚያድጉ የምእመናን ልጆች፥ በትምህርት ቤትና በጎረቤት የሚያዩትን የሶርያ ሃምስተር የተባለውን ትንሽ እንስሳ እንዲገዛላቸው ወላጆቻቸውን ይለምናሉ። ሃምስተር ከአይጥ ጋር የሚዛመድ፥ ጠጉሩ ወርቅማ፥ ጅራቱ አጭር፥ እህል የሚያከማችበት የጉንጭ ከረጢት ያለው፥ የሰውነቱ ርዝመት ከ13 እስከ 18 ሳንቲሜትር፥ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚሆን ፍጥረት ነው።

አያቶች ይህን ሲሰሙ፥ «ልጄ፥ አይጥ ደግሞ በገንዘብ ይገዛልን?» ብለው ቢደነቁ አይፈረድባቸውም፤ በአገራችን አይጥ የጎተራ ጠላት፥ የመጻሕፍትም አጥፊ ሆና የታወቀች ናትና። ክፋቱ ግን ይህ ንቀት ከገበያው ድረስ ተከትሎን መሄዱ ነው። «ለአይጥ ምን ቤት ያስፈልጋታል?» ተብሎ ከሱቁ መደርደሪያ ትንሹና ርካሹ የሽቦ ቤት ይመረጣል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደ ተባለው፥ የጎተራዋ አይጥ ባጠፋችው ጥፋት ምንም ያላደረገው ሃምስተር ዕድሜውን ሙሉ ይቀጣል ማለት ነው።

አንዳንድ ምእመናን ደግሞ፥ «እንዲህ ያለውን እንስሳ በቤት ማኖር ይገባልን?» ብለው ይጠይቃሉ። እርግጥ ነው፥ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አይጥ ከማይበሉት ጋር ተቆጥራለች። ነገር ግን ፈረስ፥ አህያ፥ ውሻና ድመትም ከማይበሉት ወገን ናቸው፤ እነርሱንም አባቶቻችን በቤታቸውና በደጃቸው ሲያኖሩ፥ ሲመግቡና ሲጠብቁ ኖረዋል። አለመብላት ሌላ፥ አለመራራት ሌላ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 የጻድቅን ሰው ጠባይ ሲገልጥ፥ ለእንስሳው ነፍስ መራራቱን እንደ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚህ በላይ ልቡ የሚጠራጠር ቢኖር፥ የንስሐ አባቱን ጠይቆ መረዳት ይገባዋል።

ከአሌፖ የስንዴ እርሻ

የአንድ እንስሳ ቤት እንዴት ያለ መሆን እንደሚገባው ለማወቅ፥ እንስሳው ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የሶርያ ሃምስተር የትውልድ አገሩ በሰሜን ሶርያ በአሌፖ ከተማ ዙሪያ ያለው የእህል ሜዳና ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው የቱርክ ደቡባዊ ምድር ነው። ጆርጅ ዋተርሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ እርሱ ጽፎ ለሊቃውንት አስታወቀ።

ወደ ሰው ቤት የገባበት ታሪክ ግን የሚጀምረው በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1930) ነው። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሳውል አድለር፥ ካላዛር የተባለውን ደዌ ለመመርመር የሚያገለግሉ ሃምስተሮችን ይፈልግ ነበር። ካላዛር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱትን ወገኖቻችንን ሲያሠቃይ የኖረ በሽታ ነው። በዚህም ምክንያት እስራኤል አሐሮኒ የተባለው የእንስሳት ሊቅ ወደ አሌፖ ሄዶ፥ በአንድ የስንዴ እርሻ ውስጥ መሬቱን ጠልቆ አስቆፍሮ፥ አንዲት እናት ከነልጆቿ አገኘና ልጆቿን ወደ ኢየሩሳሌም ይዞ ተመለሰ።

በኢየሩሳሌም የሆነው ነገር ዛሬ ማደሪያ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። እንስሳቱ ወለሉ እንጨት በሆነ ሣጥን ውስጥ ሳሉ፥ ከመካከላቸው አምስቱ ወለሉን ቀርጥፈው በሌሊት አመለጡ። ከዚያ በኋላ የእንስሳት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ሰፊ የሽቦ መረብ ሣጥን አምጥቶ ድርቆሽ ጠቅጥቆ ሞላበትና አንዲቱን እንስት አስገባት። እርስዋም ብርሃኑን ሸሽታ፥ ድርቆሹን እየሰረሰረች ወደ ጨለማው ገብታ ጎጆዋን ሠራች፤ ከዚያም በኋላ ወንዱ ገብቶላት ለመውለድ በቃች። እ.ኤ.አ. በ1931 ዘሮቻቸው ወደ እንግሊዝ፥ በ1938 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዛሬ በዓለም ላይ በየቤቱ የሚኖሩት የሶርያ ሃምስተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያች የአሌፖ እናት ዘሮች ናቸው። በትውልድ አገራቸው ያሉት ግን ቁጥራቸው ተመናምኖ ለመጥፋት ከሚያሰጋቸው እንስሳት መካከል ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ሃምስተር ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ መቶ ዓመት ያልሞላው፥ ጠባዩም ገና የእርሻው ጠባይ የሆነ እንስሳ ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን ሶርያ የእርሻ ውስጥ ጉድጓዶቹን እየከፈቱ ሲለኩ፥ ጥልቀታቸው ከ36 እስከ 106 ሳንቲሜትር ሆኖ አገኙት። በየጉድጓዱ የመኝታ ክፍል፥ የእህል ጎተራና የሽንት ስፍራ ለየብቻ ነበር፤ በአንድ ጉድጓድም ውስጥ ከአንድ የበለጠ ጎልማሳ ሃምስተር አልተገኘም። ከዚህ የምንረዳው አራት ነገር ነው፦ ይህ እንስሳ ይቆፍራል፤ ብዙ ይሄዳል፤ ይቀረጥፋል፤ ብቻውንም ይኖራል። ማደሪያው እነዚህን አራቱን ጠባዮች የሚያስተናግድ ከሆነ ቤት ነው፤ ካልሆነ ግን ወኅኒ ነው።

ስለ ስፋቱ

በስዊስ አገር የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ እጅግ ይጠቅማል። የሶርያ ሃምስተሮችን የወለላቸው ስፋት 1,800፥ 2,500፥ 5,000 እና 10,000 ካሬ ሳንቲሜትር በሆነ አራት ዓይነት ማደሪያ ከፋፍለው አኖሯቸውና ጠባያቸውን ተመለከቱ። በጠባቡ ማደሪያ የነበሩት በሰፊው ከነበሩት ይልቅ አዘውትረውና ረዘም ላለ ጊዜ ሽቦውን ሲነክሱ ተገኙ። በትልቁ ማደሪያ ውስጥ እንኳ ይህ ጠባይ ፈጽሞ አልጠፋም።

ብዙ ወላጆች ሃምስተሩ በሌሊት የሽቦውን ዘንግ ሲነክስ ሲሰሙ፥ «ይጫወታል» ወይም «ጥርሱን ይስላል» ይላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አፍ ቢኖረው «ጠበበኝ» ይል የነበረው ፍጥረት፥ የሚናገረው በዚህ መንገድ ነው። ሲነክስ አድሮ አፍንጫው የሚቆስልና ጥርሱ የሚሰበርም አለ።

ስለዚህ ገዢው ሊይዘው የሚገባው ትንሹ ልክ ርዝመቱ 100 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱም 50 ሳንቲሜትር የሆነ ማደሪያ ነው። ይህም በአባቶቻችን ልክ ርዝመቱ ሁለት ክንድ፥ ወርዱ አንድ ክንድ ያህል ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ስፍራ ያለው ሰው ቢያሰፋው መልካም አደረገ። ልኩ የሚቆጠረው ባልተከፋፈለው ወለል ብቻ ነው። ሻጮች ሁለትና ሦስት ፎቅ ያለውን ጠባብ ማደሪያ «ሰፊ ነው» ብለው ያሳያሉ፤ ነገር ግን ሃምስተር የሜዳና የጉድጓድ እንጂ የዛፍ እንስሳ አይደለም፤ ዓይኑም ደካማ ስለ ሆነ ከፍታን አይለካም፤ ከፎቁ ወድቆ እግሩን ይሰብራል።

ስለ ጥልቀቱ

ከስፋት ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የሚዘነጉት የጉዝጓዝ ጥልቀት ነው። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሌላ ጥናት፥ ሃምስተሮች ጥልቀቱ 10፥ 40 እና 80 ሳንቲሜትር በሆነ ጉዝጓዝ ላይ እንዲኖሩ ተደረገ። 10 ሳንቲሜትር ብቻ የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ሽቦ ሲነክሱና በመሮጫው ላይ አብዝተው ሲሮጡ ታዩ፤ 80 ሳንቲሜትር በተሰጣቸው ዘንድ ግን ሽቦ መንከስ አልታየም። ጥልቁን ጉዝጓዝ ያገኙት ጉድጓዳቸውን ቆፍረው በውስጡ ይኖሩ ነበር።

ስለዚህ በማደሪያው አንድ ወገን ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር፥ ቢቻል 40 ሳንቲሜትር የሚደርስ ጉዝጓዝ ጠቅጥቆ መሙላት ይገባል። ለዚህ የሚሆነው ቀለምና ሽቶ የሌለበት ከወረቀት የተሠራ ጉዝጓዝ፥ ወይም ሽታ ከሌለው እንጨት የወጣና አቧራው የተነፋ ፍቅፋቂ ነው፤ ድርቆሽ ቢቀላቀልበት ጉድጓዱ አይደረመስም። ደቃቅ ሰጋቱራና ሽታው የሚከነክን የጥድ ፍቅፋቂ ግን ለትንሹ ሳንባ ስለማይስማሙ መተው አለባቸው።

በገበያ ስላሉት ዓይነቶች

በገበያ የሚገኙት ማደሪያዎች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የሽቦ ቤት ነው፤ ነፋስ በደንብ ይገባዋል፤ ነገር ግን የታችኛው ሳህኑ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ጥልቅ ጉዝጓዝ አይዝም። የሚገዛው ሰው የሳህኑን ጥልቀት ይመልከት፤ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ1 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ ይለካ፤ ሃምስተር ራሱ ባለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱን ያሳልፋልና። ወለሉ ራሱ ሽቦ የሆነውን ግን ከቶ አይግዛ፤ የእንስሳውን እግር ያቆስላል።

ሁለተኛው የመስታወት ሣጥን ነው፤ የዓሣ ማኖሪያ የነበረውም ይሆናል። ጥልቅ ጉዝጓዝ ይይዛል፤ የሚነከስ ሽቦም የለበትም፤ ልጆችም እንስሳው ሲቆፍር በጎኑ ሊያዩት ይችላሉ። ክዳኑ ግን ነፋስ የሚያስገባ የሽቦ መረብ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ቀለሙ ያሸበረቀ፥ ቱቦና መሰላል የተቀጣጠለበት የፕላስቲክ ቤት ነው። ይህ የልጆችን ዓይን የሚማርክ፥ ለእንስሳው ግን ብዙ ጊዜ የማይረባ ነው። ወለሉ ጠባብ፥ አየሩ የታፈነ ይሆናል፤ ቱቦውም ጉንጩን እህል የሞላ ጎልማሳ ሃምስተር ሊቀረቀርበት ይችላል።

አራተኛው በአናጢ እጅ የሚሠራው የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ መስታወት፥ ክዳኑ የሽቦ መረብ ሆኖ በሚፈለገው ልክ ሊሠራ ስለሚችል፥ ሙያ ላለው አባት ከሁሉ የሚረክስና የሚሻል ነው። ነገር ግን የኢየሩሳሌሙን የእንጨት ወለል አይርሳ፤ የውስጡን ማዕዘንና መጋጠሚያ ለጥርስ በማይመች ነገር ይሸፍን፤ ሽንት እንዳይሰርገውም መርዝ በሌለው ቀለም ይቀባው።

በውስጡ ስለሚያስፈልገው

የመሮጫው መንኮራኩር ለሶርያ ሃምስተር አግድመቱ ቢያንስ 28 ሳንቲሜትር መሆን አለበት፤ ከዚህ ያነሰው ጀርባውን ያጎብጠዋል። የሚረገጠውም ገጽ የተደፈነ ይሁን፤ ዘንግ በዘንግ የሆነው እግር ይሰነጥቃል። የሚደበቅበት የእንጨት ቤት፥ ጠጉሩን የሚያጠራበት አቧራ የሌለበት አሸዋ፥ የውኃ ጠርሙስ ወይም ከባድ ጣባ፥ ጥርሱንም የሚያሳልፍበት የፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘጋጅለት። ለመኝታው ቀለም የሌለው ሶፍት ተቀድዶ ቢሰጠው ይበቃዋል። ባዘቶ የመሰለው የጥጥ መኝታ ግን፥ በሱቅ «ለሃምስተር» ተብሎ ቢሸጥም እንኳ አደገኛ ነው፤ ክሩ እግሩን ይጠመጥማል፤ ቢውጠውም አንጀቱን ይዘጋል።

በአንድ ማደሪያ የሚገባው አንድ ሃምስተር ብቻ ነው። «ብቻውን ያዝናል» ብሎ ጓደኛ የሚገዛለት ሰው፥ በርኅራኄ ስም የሚያጣላ ነው። ጎልማሶቹ የሶርያ ሃምስተሮች እስከ ሞት ድረስ ይነካከሳሉና፥ ወንድማማቾች ቢሆኑም እንኳ መለያየት አለባቸው።

ስለሚቀመጥበት ስፍራ

ማደሪያው ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው፥ ነፋስም ከማይመታው ስፍራ ይቀመጥ። መስታወት ፀሐይ ካገኘው እንደ ምድጃ ይግላል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ሙቀት ይስማማዋል። ብርዱ እጅግ ሲበረታ ሃምስተር ሰውነቱ ቀዝቅዞ እንደ ሞተ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት ደርቆ ቢገኝ ቀስ ብሎ ማሞቅና ሐኪም ማማከር እንጂ፥ ቸኩሎ መቅበር አይገባም። ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ስለሚሰማ ከቴሌቪዥንና ከድምፅ ማጉያ ይራቅ። በእኛም ቤት ልማድ ዕጣን ከሚታጠንበት የጸሎት ስፍራና ቡና ከሚቆላበት ማዕዘን፥ እንዲሁም ምግብ ከሚሰናዳበት ማድ ቤት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ለእንስሳውም ለቤተሰቡም ይሻላል።

የሌሊት እንስሳ ስለ ሆነ፥ ልጆች ቀን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሱ እንዳያስቆጡት መምከር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚነክሰው በድንገት ሲቀሰቀስ ነው። የረጠበው የሽንት ማዕዘንና የሚበላሸው ምግብ በየቀኑ ይውጣ፤ ነገር ግን ጉዝጓዙን በሙሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ የራሱን ሽታ አጥፍቶ ያስጨንቀዋልና፥ ከፊሉን እየተዉ መለወጥ ይገባል። እንስሳውን ወይም ማደሪያውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ታናናሾቹ ልጆችም ያለ ወላጅ ብቻቸውን አይያዙት።

የወላጆች ድርሻ

ይህን ሁሉ ያነበበ ወላጅ፥ «ለአንዲት ታናሽ እንስሳ ይህን ያህል ስፍራና ወጪ የለኝም» ቢል ስሕተት አልተናገረም። በአንዲት ክፍል ቤት ተጨናንቀው የሚኖሩ፥ ሌት ተቀን የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። እንደዚህ ከሆነ ለልጁ ምክንያቱን በፍቅር አስረድቶ «አሁን አይሆንም» ማለት ይሻላል። ይህም ራሱ ርኅራኄ ነው። ልጁ እንስሳ መውደድ ማለት እንስሳ መግዛት ብቻ አለመሆኑን፥ ልናኖረው የማንችለውን ፍጥረት አለመያዝም ፍቅር መሆኑን ከዚህ ይማራል። ልጅን ለአንድ ሳምንት ደስ ለማሰኘት ሲባል እንስሳን ለዕድሜው ሁሉ ማስጨነቅ ግን ለልጁም መልካም ትምህርት አይሆነውም።

የሚቻለው ወላጅ ደግሞ ከልጁ ጋር ሜትር ይዞ የቤቱን ማዕዘን ይለካ፤ ማደሪያውን ያሰናዳ፤ ጉዝጓዙን አብረው ይሙሉ፤ እንስሳው ከሁሉ በኋላ ይምጣ። የሃምስተር ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ይህ ለእኛ አጭር ነው፤ ለእርሱ ግን ሕይወቱ በሙሉ ነው፤ የሚያሳልፈውም እኛ በለካንለት ስፍራ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ማንም ሳያየው ውኃ መለወጥን፥ ደካማውን አለማስደንገጥን፥ መናገር የማይችለውን መረዳትን ከተለማመደ፥ ነገ ለታመመ ጎረቤትና ለሸመገለ ወላጅ የሚራራ ሰው ለመሆን ጅምር አግኝቷል።

አዳም እንስሳትን እንዲገዛ ሥልጣን የተሰጠው እንዲያስጨንቃቸው አይደለም። በእጃችን የተሰጡትን ታናናሾች በሚገባቸው ልክ እንድንጠብቅ፥ የሁሉ ፈጣሪ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።